የዛሬ መረብ፣ የነገ ሪዝቅ



ውድ አንባቢያን! ሶብር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መከራን መቻል ነው። ዑለማዎች ግን ሶብርን በሦስት ይከፍሉታል፦ በዒባዳ ላይ መጽናት፣ ነፍስን ከሐራም መግታትና በመከራ ጊዜ መታገሥ። በዛሬው ዓምዳችን የምናተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው። ነፍሲያ «አሁኑኑ!» ስትለን «ቆይ!» ማለት እንዴት ይቻላል? ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ የኛው ጫሞ ይበቃናል።

ጫሞ ከአባያ በስተደቡብ ይገኛል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ተረተር ነው። ጫሞ ናይል ፐርች፣ ቆሮሶና አምባዛ ይሰጠናል፤ ዓሣው ከአርባ ምንጭ አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ግን የናይል ፐርች ምርት በእጅጉ አሽቆልቁሏል። ባለሙያዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች ዋነኛው ከልክ ያለፈ ማስገር ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ትንሹን ዓሣ አንዴም ሳይራባ ያወጣዋል። አንዲት ትልቅ እንስት ናይል ፐርች በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንግዲህ ጫጩቱን ዛሬ የሸጠ ሰው የሸጠው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የልጁን እንጀራ ጭምር ነው።

ታዲያ አስጋሪው ይህን አያውቅምን? ከኛ ይበልጥ ያውቃል! ነገር ግን «እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል፤ ልጆቼስ ዛሬ ማታ ምን ይበላሉ?» ይላል። ይህን ሰው ስግብግብ ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይደለም። ችግሩ ትዕግሥት ማጣት ብቻ ሳይሆን እምነት ማጣትም ነውና።

ይህን በሕፃናት ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ያስረዳናል። በአሜሪካ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 28 ሕፃናት ተካፍለዋል። አስቀድሞ ለሁሉም የተሻለ መሣያ እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው። ለግማሾቹ መጣ፤ ለግማሾቹ ቀረ። ከዚያም አንድ ጣፋጭ ፊታቸው ተቀመጠና «15 ደቂቃ ከጠበቃችሁ ሁለት ታገኛላችሁ» ተባሉ። ቃል ከተጠበቀላቸው 14 ሕፃናት 9ኙ እስከ መጨረሻው ታገሡ። ቃል ከታጠፈባቸው 14 ግን የታገሠው አንድ ብቻ ነበር። ልብ በሉ! ነገ እንደሚመጣ ያላመነ ሰው ዛሬን ይሻማል።

ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ በባሕር ዳርቻ ስለነበረች አንዲት ከተማ ሰዎች ይነግረናል። በቅዳሜ ቀን ማስገር ተከለከሉ። ዓሣው ግን በዚያው ቀን ወደ ላይ ብቅ እያለ ይመጣላቸው ነበር፤ በሌላው ቀን ይጠፋል። ፈተናው የነበረው እጅ ሊደርስበት በሚችለው ነገር ላይ ነው። ከፊሎቹ ወሰን አለፉ። ከፊሎቹ መከሩ። ሌሎች ደግሞ መካሪዎቹን «ምን አደከማችሁ?» አሏቸው። መካሪዎቹ ግን ዝም አላሉም፤ አላህም ከክፉ የከለከሉትን አዳነ። ከዚህ የምንማረው ነፍስን መግታት የግል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ጎረቤት ሲጠብቅ መጠበቅ ይቀላል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በሐይቁ ዳር ያሉ ወንድሞቻችን ስለ መረቡ ዓይን ስፋትና ዓሣ ስለሚራባባቸው ቦታዎች ተማምለው ይስማሙ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ግን አዋጅ ብቻውን ሐይቅ አይጠብቅም። እኛ በላተኞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ጫጩት ዓሣ በርካሽ ሲቀርብልን «አንገዛም» እንበል። ገዢ ያጣ ጠባብ መረብ በራሱ ይሰቀላል።

በቤታችን ደግሞ ቃላችንን እንጠብቅ። ልጅ በረመዳን ግማሽ ቀን ጾሞ «ማታ ይሰጥሃል» የተባለውን ካገኘ፣ መጠበቅ እንደሚያዋጣ ይማራል። «ነገ እገዛልሃለሁ» እያልን የምናታልለው ልጅ ግን ነገን መጠራጠር ይለምዳል። ያ ልጅ አድጎ መረብ ሲይዝ ጫጩቱን ወደ ውኃው እንዲመልስ መጠበቅ ከንቱ ነው።

አላህ ነፍሲያችንን የምንገታበትን ሶብር፣ ለልጆቻችንም የሚተርፍ በረካ ያለው ሪዝቅ ይስጠን። አሚን!