ለፈረንጅ አበባ ወዳጅ ነፍሳት፣ ለሐበሻ ጎመን መርዝ!

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል ያገሬ ሰው ሲተርት። ይህቺ ተረት ለግብርናችን አመራር በልኩ የተሰፋች ናት። ማስረጃ የሚጠይቅ ካለ ብዙ አልደክምም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ይድረስና ግራና ቀኙን ይመልከት። በአንድ ወገን በላስቲክ የተሸፈኑ የአበባ እርሻዎች ተደርድረዋል። በሌላው ወገን የቲማቲም፣ የሽንኩርትና የጎመን ማሳ ተዘርግቷል። አበባው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ቲማቲሙ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይመጣና እኔና እናንተ ወጥ ውስጥ ይገባል።

አሁን ጉዱን ስሙ። የጽጌረዳ ዋና ጠላት ቀይ ሸረሪት የሚሏት፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ቅጠል መጣጭ ናት። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገራችን አንዳንድ የአበባ እርሻዎች ይህቺን ጠላት የሚዋጉት በመርዝ ብቻ አይደለም። ቀይ ሸረሪትን እያደነች የምትበላ፣ እሷም ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ፣ ፊቶሲዩለስ የምትባል ሌላ ፍጥረት ከውጭ ተገዝታ ትመጣለች። ሠራተኞች ቅጠሉ ላይ ይበትኗታል። እሷም ሥራዋን ትሠራለች። ሳይንሱ «ሥነ ሕይወታዊ ተባይ ቁጥጥር» ይለዋል። በእኛ አማርኛ ጠላትን በጠላቱ መምታት ነው።

እንግዲህ ለፈረንጅ ጠረጴዛ ለሚቀርብ፣ ለማይበላ አበባ ይህን ያህል ከተጨነቅን፣ ልጆቻችን ለሚበሉት ጎመን ምን አድርገናል? መልሱ አጭር ነው። መርዝ!

አበባ አምራቹ ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። እሱም ኬሚካል ይረጫል፤ አንዳንዱም አብዝቶ ይረጫል። ነገር ግን አውሮፓዊው ገዢ «ምን ረጨህ? ስንት ጊዜ ረጨህ? ወረቀትህን አሳየኝ» ብሎ ያፋጥጠዋል። ቀይ ሸረሪቷም መርዙን እየለመደች አልሞት ብላዋለች። ስለዚህ ሳይወድ በግዱ ወደ ተፈጥሮ ዞረ። የእኛን ቲማቲም አምራች ግን ማን ጠየቀው?

የመርዙ ስም «መድኃኒት»

ባለፈው በጋ በዚያው በስምጥ ሸለቆ ስዘዋወር አንድ አዛውንት ቲማቲም አምራች አነጋግሬ ነበር። መርጫውን በጀርባቸው አዝለዋል። ጓንት የለም፣ የአፍ መሸፈኛ የለም፣ ጫማቸው የላስቲክ ኮንጎ ነው።

«አባባ፣ የሚረጩት ምንድነው?»

«መድኃኒት ነዋ ልጄ።»

«የምን መድኃኒት?»

«የትል።»

«በሳምንት ስንቴ ይረጩ ብሎ ማን አዘዘዎት?»

«ባለሱቁ ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

«ትሉ አልሞት ሲልስ?»

«እጨምርበታለሁ፤ ሁለቱንም ቀላቅዬ እሰጠዋለሁ።»

እንግዲህ ሐኪሙ ባለሱቁ ነው፣ ፋርማሲስቱም ባለሱቁ ነው። የጠርሙሱ ጽሑፍ እሳቸው በማያነቡት ቋንቋ ተጽፏል። ባዶው ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ይያዝበታል። ለመሆኑ ሰው የሚገድለውን ነገር «መድኃኒት» ብለን የሰየምን ሕዝብ ምን ይሉናል? ገበሬውን አልወቅስም። ከዚህ ሌላ መንገድ ያሳየው የለምና።

ይኸው «መድኃኒት» የሚሠራውን ተንኮል ደግሞ ልብ በሉ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገራችን የገባችው የቲማቲም ተባይ፣ ቱታ አብሶሉታ የምትባለው፣ ትሏ ቅጠሉን ሰርስራ ውስጡ ነው የምትኖረው። መርዙ ሲረጭ እሷ ቤቷ ውስጥ ተደብቃለች። ሜዳ ላይ የሚያገኘው ማንን ነው? እሷን ፈልጎ የሚበላውን ነፍሳት! ክሽክሽን እየለቀመች የምትበላውን ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ፣ እንቁላሏን በትል ሰውነት ውስጥ የምትጥለውን ትንሿን ተርብ፣ ሸረሪቱን፣ ንቡን ይፈጃል። ዘበኛውን ገድሎ ሌባውን በሰላም ማሳደር ይሏል ይሄ ነው። በሳምንቱ ተባዩ በእጥፍ ይመለሳል። ገበሬውም ወደ ባለሱቁ ይመለሳል። ክረምት ከበጋ የማያቋርጥ ገበያ!

ወታደሮቹ እቤታችን ነበሩ

«ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ለድሃ ገበሬ አይሆንም» የሚሉ ሹማምንት አይጠፉም። እስቲ እውነቱን እንይ።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በደቡብ ምዕራብ በኩል ገብቶ በቆሏችንን ወረረው። አገር ተሸበረ። ገበሬው ከነቤተሰቡ ትሉን በእጁ ለቀመ፤ መንግሥትም ኬሚካል አከፋፈለ። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ማሳዎች ትሎችን ሰብስበው ሲያጠኑ ምን አገኙ? ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች የአፍሪካ ተርብ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ማንም አበል ሳይከፍላት፣ ከአሜሪካ የመጣውን እንግዳ ትል መግደል ጀምራ ነበር። በናሙና ቦታዎቹ ከ100 ትል ከ33 እስከ 45 የሚሆነውን ይዛዋለች። ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። ወታደሩ እቤታችን ነበር ማለት ነው። እኛስ ምን አደረግን? በጅምላ የምንረጨው መርዝ እሷንም አብሮ ይፈጃል።

ወደ ኋላ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከደቡብ አሜሪካ የገባ ተባይ ከሴኔጋል እስከ ሞዛምቢክ የካሳቫን ሰብል አጠፋው። ካሳቫ ለነዚያ ሕዝቦች ለእኛ እንጀራ እንደማለት ነው። ሐንስ ሄረን የሚባል የስዊስ ተወላጅ ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ፣ ናይጄሪያ ኢባዳን በሚገኘው የምርምር ተቋም ሆነው፣ የተባዩን ተፈጥሯዊ ጠላት ፍለጋ ወደ ትውልድ አገሩ ዘለቁ። ፓራጓይ ውስጥ አንዲት ትንሽ ተርብ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ1981 ናይጄሪያ ውስጥ ተለቀቀች። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎቹ የአፍሪካ አገሮች ተዳረሰች፤ ተባዩም ተንበረከከ። ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። ገበሬው ግን አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ይሄ ነው እንግዲህ የድሃ አይደለም የሚሉት!

ኬንያስ? ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል የፈጠረው «ፑሽ ፑል» የሚሉት ዘዴ አለ፤ ገፍቶ መሳብ እንበለው። በበቆሎው መሐል ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል ይዘራል፤ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን የእሳት እራት ያባርራል። ማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር ይተከላል፤ እሱ ደግሞ ወደ ራሱ ይስባታል። ደስሞዲየሙ አቀንጭራንም ያፍናል፤ ሣሩም ለከብት ይታጨዳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ሣርና ሐረግ ነው። ዘዴው እኛም አገር ተሞክሯል። የሞከረው ገበሬ ግን ካልሞከረው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ለነገሩ የእኛም ባለሙያዎች ሰንፈው አይደለም። ቅንጨ አረም የሚሉትን፣ ማሳና ግጦሽ ያጠፋውን ፓርቲኒየም የሚበላ ጥንዚዛ ከውጭ አስመጥተው፣ አምቦ ምርምር ማዕከል ውስጥ ቆልፈው ዓመታት ፈጅተው ፈተሹት። ኑጋችንን ይበላ ይሆን? ጤፋችንን ይነካ ይሆን? ብለው አንድ በአንድ መረመሩ። ጉዳት እንደማያደርስ ሲያረጋግጡ ወለንጪቲ አካባቢ ለቀቁት። በአርባ ምንጭ ዙሪያ ደግሞ ጥጥ አምራቾች ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ማኅበር ጋር ሆነው፣ ከምግብ ነገር የተዘጋጀ ፈሳሽ እየረጩ ወዳጅ ነፍሳትን ወደ ማሳቸው ይጠራሉ፤ ያለ መርዝም ጥጥ ያመርታሉ። እናቶቻችንስ ነቀዝ እንዳይገባ ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡ የለ? ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ነቀዙን መንቀሳቀሻ ይነሳዋል። ያለ ዲግሪ የተገኘ ጥበብ ነው።

ታዲያ ዕውቀት ካለ፣ ሰው ካለ፣ ምን ጎደለ?

ተርብ ኮሚሽን አትከፍልም

እኔ የማምነውን ልናገር። ተርቧ አስመጪ የላትም። ጥንዚዛው ጨረታ የለውም። ደስሞዲየም ለማንም ቀረጥ ነፃ ፈቃድ አያስወጣም፤ በኮንቴነር አይገባም፤ ወኪል አከፋፋይ አያሰልፍም። መርዝ ግን ይህ ሁሉ አለው። ስለዚህ መርዙ ከወደብ ተነስቶ ገጠር ቀበሌ ድረስ መንገዱን ያገኛል፤ ዕውቀቱ ግን ከምርምር ጣቢያው አጥር እስኪወጣ ዘመን ያልፋል።

ወረቀትማ ሞልቶናል። ስለ ኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ደግሞ አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጣ። አዋጆቹ አድገው ጎረመሱ። እኔ ያነጋገርኳቸው አዛውንት ግን አንዱንም አልሰሙም።

ለውጭ ሰው ስንደነግጥ ደግሞ እዩን። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በቡናችን ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ ብላ ስትመልስብን አገር ምድሩ ታመሰ። ስብሰባ በስብሰባ ሆነ፤ ጣት ወደ ጆንያው ተቀሰረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ጅማ ዞን ውስጥ ከተሰበሰበ ጤፍ፣ በቆሎ፣ በርበሬና ቡና ውስጥ ዲዲቲን ጨምሮ የመርዝ ቅሪት መገኘቱን ተመራማሪዎች አሳተሙ። ያን ጊዜ ማን ታመሰ? ማን ተሰበሰበ? የጃፓን ሆድ ሆድ ነው፤ የእኛ ሆድ ምንድነው?

የአንበጣው ነገርም እንዲሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. መንጋው ሲወርረን በሰማያችን ላይ ማላታይንና ክሎርፓይሪፎስ ዘነበ። ንብ አይለይም፣ ወፍ አይለይም። በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ነን እያልን የምንኩራራው እኛ ነን። በዚያው ዓመት ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እየታገዘች፣ አንበጣን ብቻ ለይቶ የሚያጠቃ ከፈንገስ የተሠራ መከላከያ ትረጭ ነበር። ያ ሁሉ መከራ ያለባት ሶማሊያ!

«ይህን ስትል ገበሬውን በረሃብ ልትፈጀው ነው» ለሚሉኝ መልስ አለኝ። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 ኬሚካልን በአንድ ጀምበር ከለከለች፤ ሩዟ አሽቆለቆለ፤ በዚያው ዓመት ውሳኔዋን አጠፈች። ያን ዕብደት አልጠይቅም። «የሚመጣው ነፍሳት ራሱ ተባይ ቢሆንስ?» ለሚሉም ፍርሃታቸው ተገቢ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1935 የሸንኮራ ጥንዚዛ ይበላልኛል ብላ ያስገባችው ጉርጥ ጥንዚዛውን ትቶ አገሩን ወረረ። ለዚህ ነው እንደ አምቦው ያለ፣ ቆልፎ የሚፈትሽ ጣቢያ የሚያስፈልገን። ለአበባው ነፍሳት ፈትሾ ፈቃድ የሰጠ መንግሥት ለጎመኑ አልችልም ሊል አይችልም።

የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወዳጅ ነፍሳትን ከጠላት ለይቶ ለገበሬው እንዲያሳይ ይሠልጥን፤ መርዝ ማዘዝ ከባለሱቅ እጅ ይውጣ። ሁለተኛ፣ እነዚህን ተርቦችና አዳኝ ነፍሳት አገር ውስጥ የሚያራባ ጣቢያ በየክልሉ ይቋቋም። ሦስተኛ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ አትክልት ለጃፓን እንደሚላከው ቡና ይመርመር፤ ውጤቱም በየጊዜው ለሕዝብ ይነገር።

አራተኛው የእኛ የከተሜዎቹ ነው። ቀዳዳ ያለበትን ጎመን አንስተን የምንጥል፣ ትል ያልነካውን የሚያብረቀርቅ ቲማቲም እየመረጥን «እንዴት ያምራል!» የምንል እኛ ነን። ትል ያልደፈረውን እኛ ለምን ደፈርነው? ፈረንጁ አበባ ሻጩን ያፋጥጠዋል፤ እኛ ምግብ ሻጩን ካላፋጠጥን፣ ሹሙንም «ቅሪቱን መርምረህ ንገረን» ካላልን፣ ተርቧ ብቻዋን ምን ታድርግ!