ራሱና እግሩ የተቈረጠ ፊደል

ሸጠ ተብሎ የተጻፈውን ቃል ሰጠ አድርጎ ለማንበብ፥ ከሸ ራስ ላይ ያለችውን ጭረት መጋረድ ብቻ ይበቃል። እንዲሁም ቸ ራሷ ቢቈረጥ ተ፥ ኘም ነ መስላ ትታያለች፤ ሊም እግሯ ቢጐድል ለ ትሆናለች። ስለዚህ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ የሚወጣው ጽሕፈት ተቈርጦ ሲታይ፥ የመልክ ጕድለት ነው ብሎ ማለፍ የሚገባ አይመስለንም። መሬቱን ሸጠና መሬቱን ሰጠ አንድ አይደሉምና።

የመስመሩ ጫፍ ሲቈረጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአማርኛችን ማሰሪያ አንቀጹ የሚቀመጠው ከመጨረሻ ነው። «ማመልከቻ ከሰኞ ጀምሮ» የሚለውን አንብበን መስመሩ ቢቋረጥብን፥ ይቀበላሉ ወይም አይቀበሉም የሚለው ፍሬ ነገር ከግድግዳው ማዶ ይቀራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የድረ ገጽ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ለጽሕፈቱ ማረፊያ የሚሆነውን ሣጥን በላቲን ፊደል ልክ ይሠሩና ከሣጥኑ የተረፈው እንዲሰወር ያዝዛሉ። ከላቲን ትንንሽ ፊደሎች ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል መለያ ስለሌለው፥ ሁሉም በሙሉ ቁመቱ ይቆማል። በነቀምቴ በጨለለቂ የሚቀመጥ ቤተ ሰብ ይህን በቀላሉ ሊያስተውለው ይችላል። ኦሮምኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 ወዲህ በይፋ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አማርኛው በግዕዝ ነው። ሁለቱ በአንድ ገጽ ጐን ለጐን ሲውሉ፥ ለአንዱ የተሰፋው ልብስ ሌላውን ያጥረዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ሲታተም እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም፤ በማተሚያ ቤት እያንዳንዱ ፊደል የሚቆምበትን ቦታ በራሱ እርሳስ ይዞ ይመጣ ነበርና።

መፍትሔውን ስትፈልጉ አስቀድማችሁ በስልኩ ላይ የፊደሉ መጠን ተለውጦ እንደ ሆነ ተመልከቱ። አባት ወይም እናት ዐይናቸው ደክሞ ፊደሉን አተልቀውት ከሆነ፥ ፊደሉ ያድጋል፥ ሣጥኑ ግን ባለበት ይቀራል። እርሳቸውን በደቃቁ ፊደል ማድከም አይገባም፤ ገጹን በሙሉ ማተለቅ ይሻላል። በኮምፒዩተር ኮንትሮል የተባለውን ቍልፍ ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን ፊደሉንም ሣጥኑንም አብሮ ያሳድጋል፤ ኮንትሮልና ዜሮ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ይህ ካልረዳ፥ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ፋየርፎክስና ኤጅ በተባሉት ብራውዘሮች ኤፍ 9 የሚለውን ቍልፍ ተጫኑ። ገጹ ረዘም ያለ ጽሕፈት ያለበት ከሆነ፥ ጌጡና ሣጥኑ ሁሉ ይወገድና ጽሕፈቱ ብቻውን ሰፊ ቦታ አግኝቶ ይወጣል። ለንባብ እኛ ከሁሉ የምንወድደው ይህንን ነው።

አጭር ማስታወቂያ ሲሆን ግን ሌላ መንገድ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ከተመዘገበ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር አለው፤ በሣጥን ጠርዝ የተቈረጠውም ፊደል ከዐይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ መስመሩን በሙሉ መርጣችሁ ቅዱና በባዶ ገጽ ላይ ለጥፉት፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሰወረው ማሰሪያ አንቀጽ ይገለጣል። ፊርማ ከማኖር በፊት ይህን ማድረግ ከደቂቃ በላይ አይፈጅም።

በፋየርፎክስ ቅንብር ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል ብቻ የተለየ የፊደል ቅርጽ መምረጫ አለ፤ ኒያላ ወይም ኖቶ ቢመረጥ መልካም ነው። ዳሩ ግን ገጹ የራሱን ቅርጽ እንዳያስገባ ካልተከለከለ ምርጫችሁ ላይሠራ ይችላል።

ይህ ሁሉ የአንባቢው ድካም ነው፤ ጥፋቱ ግን የሠሪው ነው። የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የምትረከቡ ሹማምንት፥ ገጹ በእንግሊዝኛ ስላማረ ብቻ አትቀበሉት። ረዘም ያለ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አስጽፉበት፥ በትንሽ ስልክም ፊደሉን አተልቃችሁ ተመልከቱት። ሠሪውንም የሣጥኑ ቁመት በቍጥር እንዳይወሰን፥ እንደ ጽሕፈቱ መጠን እንዲረዝም፥ የመስመሩም ስፋት ከፊደሉ ቁመት አንድ ጊዜ ተኩል እንዳያንስ እዘዙት።