ስለ ጥቅስ ለቃሚዎች

ወጣቶች ሆይ፤ በዛሬው ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ ከሰው እጅ የራቀ አይደለም፤ በኪስ በሚያዝ ስልክ ውስጥ እንኳ ሙሉው ይገኛል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በመብዛቱ አንባቢው በዝቷል ለማለት አልደፍርም። የበዛው ጥቅስ ለቃሚ ነው። ጥቅስ ለቃሚ የምለው ጠዋት ተነሥቶ መጽሐፉን እንደ ዕጣ ገልጦ፣ ዓይኑ ያረፈበትን አንድ ቁጥር «የዛሬ ድርሻዬ ነው» ብሎ የሚሄደውን፣ ደስ የሚያሰኘውንም ቃል ብቻ እየመረጠ ለወዳጁ የሚልከውን ነው። ይህ ሰው አምላኩን የሚሰማ ይመስለዋል፤ የሚሰማው ግን የራሱን ምኞት ነው።

ማስረጃዬን ላቅርብ። እግዚአብሔር ለሕዝቡ መልካም እንዳሰበ የሚናገረውን ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ ማን ነው? በምረቃ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ በግድግዳም ይሰቀላል። ነገር ግን ቃሉ ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ላፈለሳቸው ምርኮኞች የተላከ ደብዳቤ ነው። እስቲ ከቁጥር 5 ጀምሩ፤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለማረከቻቸውም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል። ቁጥር 10 ደግሞ 70 ዓመት ይላል። አስሉት፤ ደብዳቤው ሲነበብ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው፣ ያ ዘመን እስኪፈጸም 100 ዓመት ሊሞላው ነው።

ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። የባቢሎን ቀንበር በ2 ዓመት ውስጥ እንደሚሰበር በሕዝብ ፊት ተናገረ፤ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውንም ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ሕዝቡ ማንን መስማት ይወድ ይመስላችኋል? 2 ያለውን ወይስ 70 ያለውን? ዛሬም ቁጥር 11ን ቀንጥሶ የሚይዝ ሰው በኤርምያስ ስም የሐናንያን ስብከት ይሰማል።

ነገሩ የዕውቀት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ። በመምህርነት ዘመኔ አንድ ተማሪ ይህንኑ ጥቅስ በደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፎ ለፈተና ተቀመጠ፤ ወደቀም። ከዚያ ወዲያ ጸሎቱንም መጽሐፉንም ተወ። «እግዚአብሔር ዋሸኝ» አለኝ። እግዚአብሔር ግን ለዚያ ልጅ ፈተና ታልፋለህ ብሎ አልጻፈለትም። ያታለሉት ቃሉን ቆርሰው ያጎረሱት ሰዎች ናቸው፤ በእነርሱም ላይ ቁጣዬ እስከ ዛሬ አልበረደም።

«አንድ ቁጥርም ቢሆን ያጽናናል፤ ሰውን ለምን ታስጨንቃለህ?» የሚሉኝ አሉ። ሰይጣንም ጌታን ሲፈትነው ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሷል፤ መላእክት ስለ መጠበቃቸው የተጻፈውን ተናግሮ፣ ዘንዶው ስለ መረገጡ የሚናገረውን ቀጣዩን ቁጥር ተወው። (ለምን እንደ ተወው ለመገመት ብዙ ትምህርት አያሻም።) ጌታም በጥቅስ መለሰለት፤ የጠቀሰው ግን እስራኤል እግዚአብሔርን ስለ ተፈታተኑበት ስፍራ የተጻፈውን፣ ለነገሩ የሚገባውን ነው። እንግዲህ እኔ የምነቅፈው መጥቀስን ሳይሆን መቀንጠስን ነው።

የሚሰማ አንባቢ ለማየት የምትሹ የሐዋርያት ሥራ 8ን ግለጡ። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ጠባቂ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ያስተውለው እንደ ሆነ ቢጠይቀው ያ ትልቅ ሹም አላፈረም፤ መሪ እንደሚያሻው ተናግሮ በአጠገቡ አስቀመጠው። ጥያቄውን ልብ በሉ። ለእኔ ምን ይሰጠኛል አላለም፤ ነቢዩ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ብሎ ጠየቀ እንጂ። ያነብ የነበረውም ስለ ሀብትና ስለ ሹመት ሳይሆን፣ እየተነዳ ዝም ስላለ አንድ መከረኛ ነበር።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንዱን መልእክት ከራሱ እስከ ግርጌው በአንድ መቀመጫ እንድናነብ እንገደድ ነበር። የፊልጵስዩስ መልእክት 4 ምዕራፍ ብቻ ናት፤ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም። ዛሬ ማታ አንብቧት። ሁሉን እችላለሁ ወደሚለው ወደ 4፥13 ስትደርሱ፣ ጸሐፊው እስረኛ እንደ ነበረ፣ የሚናገረውም ስለ ማሸነፍ ሳይሆን ስለ መራብና ስለ መጥገብ እንደ ሆነ ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ ጥቅሱን በመኪና መስተዋት ላይ መለጠፍ ትወድዱ እንደ ሆነ እንነጋገራለን።