የኳሱ ምሽት የማን ነው?



ቅዳሜ ወደ ማታ በአሶሳ መንገድ ላይ ማሊያ የለበሰ ወጣት ሲያልፍ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግም። በዲ ኤስ ቲቪ ቤቱ ደጃፍ በጠመኔ የተጻፈው የጨዋታ ሰዓት ሁሉንም ይናገራል። ውስጥ ሲገባ የጎጃሙ አርሴ፣ የጅማው ማንቼና የመንጌው ሊቨርፑል በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ይገኛሉ። ስም ሳይጠያየቁ ይጨቃጨቃሉ፤ ጎል ሲገባ ይተቃቀፋሉ። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ተማሪን በብሔሩ የፈራባቸውን ወራት ለምናስታውስ ሰዎች ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም።

ሰው ወደ ደጋፊዎች ስብስብ የሚሄደው ለኳሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይበቃው ነበር። በሰሜን አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽንን መሥርተው በየዓመቱ በሐምሌ መባቻ ግድም ከየከተማው ይሰባሰባሉ። ስሙ የእግር ኳስ ውድድር ነው። ከሚመጣው ሰው ብዙው ግን ማን እንዳሸነፈ ሳያውቅ ነው የሚመለሰው። የመጣው የሀገሩን ሰው ሊያይ፣ የሀገሩን ምግብ ሊበላ፣ ልጆቹን ሊያስተዋውቅ ነው። በግቢያችንም እንደዚያው ነው። አዲስ የገባ ተማሪ የመጀመሪያ ጓደኛውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በላይብረሪ ሳይሆን በኳስ ምሽት ነው።

ታዲያ እዚያ አግዳሚ ላይ የማይታየው ማን ነው? እህቶቻችን የሉም። መግሪብ እንዳያልፈው የሰጋው ወንድም ወይ ከነጭራሹ አልመጣም፣ ወይ ወጥቶ ሲመለስ ቦታው ተይዟል። ሌላው ደግሞ ቦታው እንዳይያዝበት ብሎ ሶላቱን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ያዘገያል።

በጀመዓው ውስጥ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ኳስ ጊዜ ማባከን ነውና ተዉት ይላል። (ፈተና ደርሶ ሳለ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ለሚያይ ሰው ምክሩ ይገባዋል።) ሌላው መዝናናትና ዲን አይደባለቁ፣ የፈለገ ይሂድ ይላል። ሁለቱ የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ ቦታውን ባለበት በመተው አንድ ናቸው። የእኛ አቋም ሌላ ነው። ሙስሊም ተማሪ ሙስሊምነቱን ደጃፍ ላይ ሳያስቀምጥ የሚቀመጥበት የኳስ ምሽት ማዘጋጀት ይቻላል። የሚጠይቀውም ከጨዋታው በፊት የሚደረግ ጥቂት ንግግር ነው።

ጨዋታ መመልከት ለሙስሊም እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከረሱል ኋላ ቆማ መመልከቷ በሶሒሕ ሐዲሥ ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ) ሊከለክሉ ቢነሱ እንዲተዋቸው ታዘዙ። የተጫወቱት ሐበሾች በመሆናቸው ታሪኩን በኩራት እናወራዋለን። ብዙ ጊዜ ልብ የማይባለው የተመልካቿ ነገር ነው። ረሱል በኩታቸው ጋረዷት፤ እሷ ራሷ በቃኝ እስክትል ድረስም ቆሙላት። መጋረጃውም ትዕግሥቱም የተሰናዳው እሷ እንድታይ ነው፤ እንድትቀር አይደለም።

ስለ ሰዓቱ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንነጋገር፤ ብዙዎች የማይቻል የሚመስላቸው እዚህ ላይ ነውና። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ርቃ ስለምትገኝ ፀሐይ የምትጠልቅባት 15 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። (በአዲስ አበባ ሰዓት የተዘጋጀ የረመዳን ሰሌዳ ዶርሙ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ካለ ከማፍጠሩ በፊት ይጠንቀቅ።) የእንግሊዝ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስባቸው ወራት፣ ማለትም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ግድም፣ የቅዳሜው የተለመደ ጨዋታ በእኛ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ዕረፍቱ ከ12:45 በኋላ 15 ደቂቃ ነው። በታኅሣሥ መግሪብ ከዕረፍቱ ቀደም ብሎ ይገባል፤ በየካቲት ከዕረፍቱ ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። በሁለቱም ጊዜ ውዱእ ይዞ የመጣ ሰው ሦስቱን ረከዓ በጀመዓ ሰግዶ ለሁለተኛው አጋማሽ ይደርሳል። በቀሩት ወራት ጨዋታው 11 ሰዓት ስለሚጀምር ፊሽካው ሲነፋ የመግሪብ ጊዜ ገና አይወጣም። የሻምፒዮንስ ሊጉ ሌሊት ግን ከሱብሒ ጋር የሚያጣላ ስለሆነ ስለ እሱ ጥብቅና አንቆምም።

ስለዚህ የጎደለው ሰዓት አይደለም። የጎደለው ምንጣፍ የሚነጠፍበት ጥግ፣ የውዱእ ውኃና የወጣ ሰው ቦታ እንደሚጠበቅለት የሚያረጋግጥ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2021 ሌስተር ሲቲ ከክሪስታል ፓላስ ሲጫወቱ ወሩ ረመዳን ነበር። ቀድሞ ስምምነት ስለተደረገ የፓላሱ በረኛ ኳሷን ለመምታት ጥቂት ቆየ፤ በዚያች ቅጽበት የሌስተሩ ዌስሊ ፎፋናና የፓላሱ ቼይኩ ኩያቴ አፈጠሩ። ማንም ነጥብ አልተቀነሰበትም፣ ተመልካቹም አልተሰላቸም። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚፈስበት ሊግ ይህን ማድረግ ከቻለ አንድ ላውንጅ ለ15 ደቂቃ ምንጣፍ መዘርጋት አያቅተውም።

የእህቶች ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢራን ሴቶች ቡድን ከዮርዳኖስ ጋር ሊጫወት ሜዳ ከደረሰ በኋላ በሒጃቡ ምክንያት እንዳይጫወት ተከለከለ፤ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ተስፋውም በዚያው ተቆረጠ። በ2014 ደንቡ ተለውጦ ሒጃብ ተፈቀደ። በ2023 የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና በዋናው የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሒጃብ ለብሳ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሆነች። የፊፋ ክልከላ በወረቀት የተጻፈ ስለነበር በወረቀት ተሻረ። የኳስ ቤቶቻችን ክልከላ ግን የትም አልተጻፈም። ትከሻ ለትከሻ የሚያጋፋው አግዳሚ፣ ዳኛ ሲሳሳት የሚወርደው ስድብ፣ ከመሸ በኋላ ብቻ ወደ ዶርም የሚያስመልሰው ጨለማ ተደምረው በሩን ዘግተውታል። እህቶች ኳስ አይወዱም የሚል ሰው አሰላለፉን ከእነሱ ጋር ይከራከር፤ ዶርማቸው ሆነው በስልክ ይከታተሉታል። የፊት ሁለት ረድፍ ለብቻ ይሻላል ወይስ ሌላ አዳራሽ? ወይስ በቡድን ሄዶ በቡድን መመለስ ይበቃል? ይህን የሚመልሱት ራሳቸው ናቸው። ወንዶች ተሰብስበው ስለ እነሱ የሚወስኑት ውሳኔ፣ ሐሳቡ ቢያምርም፣ ያው የድሮው ነው።

ሌላም የሚያቆስል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ቪኒሲየስ ጁኒየር በቫሌንሲያ ሜዳ በቆዳው ቀለም ሲሰደብ ግቢው በሙሉ ተቆጥቶ ነበር። በኋላ ሦስት ደጋፊዎች በስፔን ፍርድ ቤት ሲቀጡም ብዙዎቻችን አልሐምዱሊላህ ብለናል። ያው ስድብ ግን በእኛ የኳስ ቤት ቀልድ ተብሎ ይነገራል። ጎል የሳተውን አፍሪካዊ ተጫዋች በመልኩ እየጠሩ ሲስቁ አጠገባቸው የበርታ ወይም የጉሙዝ ልጅ ተቀምጧል። አብሮ ይስቃል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አይመጣም። ይህ የጃሂልያ ቅሪት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ እኛ እዚህ እንግዶች፣ እሱ ግን ባለቤት መሆኑ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪ 45 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነው። አዲስ አበቤዎች ሸጎሌ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ኾጀሌ አል ሐሰን ነው። (የሼሁ ስም ከባሪያ ንግድ ጋር መነሳቱ ራሱን የቻለ ውይይት ነው፤ አንድ ቀን በዚህ ገጽ ብንመጣበት አንጠላም።) ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ የመጣን ተማሪዎች በዚህች ምድር ላይ ጀመዓ ስናቋቁም ደርሱም ቀልዱም ማስታወቂያውም በአማርኛ ብቻ ከሆነ፣ ሩጣንኛ ተናጋሪው በገዛ ሀገሩ ጎብኚ ይሆናል። አሶሳ ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. 9ኛውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ስታስተናግድ ሁሉም በባህል ልብሱ ደምቆ ነበር። በዓሉ መልካም ነው። ይሁንና በዓመት አንድ ቀን በባህል ልብስ ከመታየት በየሳምንቱ ቅዳሜ በተራ ሸሚዝ ቦታ ማግኘት ይበልጣል።

ቁማሩን ሳንጠቅስ አናልፍም። ከኳስ ቤቱ ጎን ቤቲንግ ቤት፣ ከወንበሩ ላይ የቤቲንግ ትኬት የተለመደ ሆኗል። ሐራምነቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ በትኬት የሚያይ ሰው ደግሞ ጓደኛው ሲደሰት አብሮ መደሰት ያቅተዋል። እኛ በምናዘጋጀው ምሽት ትኬት ይዞ መግባት እንደማይቻል በሩ ላይ ቢጻፍ ቅር የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ምሽት ሙስሊም ያልሆኑ የዶርም ጓደኞቻችንም አሉ፤ መኖርም አለባቸው። ሰሞኑን ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተገጣጠሙ ነው። የምስር ሳምቡሳና ቴምር ለሁለቱም ጿሚ ይሆናል። ለመግሪብ ስንነሳ ቦታችንን የሚጠብቁልንም እነሱ ናቸው፤ እነሱ ቀድሰው አርፍደው በሚመጡበት የእሑድ ጨዋታ ደግሞ ተራው የእኛ ነው።

የሚቀጥለው ትልቅ ጨዋታ ሩቅ አይደለም። ምንጣፉ ከመስገጃው ይመጣል፤ ለውኃው ሁለት ጀሪካን ይበቃል። ከላውንጁ ሰዎችና ከተማሪዎች ኅብረት ጋር የሚነጋገሩ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ከሦስቱ አንዷ እህት፣ አንዱ ሩጣንኛ ተናጋሪ ቢሆኑ ደስ ይለናል። በዕረፍት ሰዓት የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚቀንሰው ማን እንደሆነም ከአሁኑ ይታወቅ፤ ማስታወቂያው ከኢማሙ ድምፅ ይበልጣልና።