በመኪና ላይ ስለሚጨመር መብራት

ከሰቆጣ ከተማ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ተከዜ ቆላ የሚያዘቀዝቅ ስለ ሆነ፥ ጠመዝማዛነቱና አቧራው በቀን እንኳ ለሚነዳ ሰው ያስቸግራል። ነገር ግን ምጥ የያዛት ሴት ንጋትን አትጠብቅም፤ አምቡላንሱ በሌሊት ተጠርቶ በሌሊት ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መመለስ አለበት። ስለዚህ በዋግ ኽምራ የሚነዱ ሰዎች ከፋብሪካ የመጣው የፊት መብራት አልበቃ ብሏቸው በመኪናቸው ላይ ፓውዛ ቢጨምሩ የሚነቀፉበት ምክንያት የለም። የሚያስነቅፈው አጨማመሩ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው የፓውዛውን ሽቦ ከፊት መብራቱ ሽቦ ጋር ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ነው። ይህ ሥራ በመጀመሪያው ሌሊት ደኅና ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል፤ ባለ 55 ዋት ሁለት መብራት በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ9 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ኃይል ይስባል፤ ባለ 100 ዋት አራት ቢሆኑ 33 አምፔር ያህል ይደርሳል። ለአንድ ጥንድ አምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦና ማብሪያ ይህን ሁሉ ሊሸከም አይችልምና ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል።

በቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚያበራ ዲያቆን ጧፉን ከመጋረጃ አጠገብ እንደማያቆም የታወቀ ነው፤ የሚያየው እሳት ነውና ይጠነቀቃል። የመኪናው እሳት ግን በሽቦ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል፤ የሚታየውም ከኮፈኑ ሥር ጢሱ ሲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ከኋላ የተኛችው በሽተኛ ምን ትሆናለች?

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦ ይወጣል፤ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅም ፊውዝ ይገባበታል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ መብራቱን አይደለምና፥ ከባትሪው ርቆ የተቀመጠ እንደ ሆነ በመካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ለሁለቱ ባለ 55 ዋት መብራቶች 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ቀጥሎ ሪሌ የሚባለው ትንሽ ሣጥን ይመጣል፤ ከፊውዙ ያለፈው ሽቦ 30 በተባለው እግሩ ይገባል፥ ከ87 ወደ መብራቶቹ ይወጣል፤ 85ና 86 የተባሉት ግን ከማብሪያው ጥቂት ኃይል ብቻ ይቀበላሉ። ስለዚህ ነጂው የሚነካው ማብሪያ ትልቁን ኃይል አይሸከምም። ሽቦው ብረት ቀዶ በሚያልፍበት ቦታ ላስቲክ ካልተደረገለት፥ በጠጠር መንገድ መንቀጥቀጡ ብቻውን ይልጠዋል። የነጌቲቩም ጫፍ ቀለሙ ተፍቆ በጠራ ብረት ላይ ይታሰር። ከባድ የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ ባለ 24 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለ12 የተሠራ ዕቃ አይገባበትም።

ሌላው ጉዳይ የባልንጀራ ዓይን ነው። ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚጓዘው ምእመን ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ አህያ የሚነዳውም ገበሬ እንደዚሁ። በገደል አፋፍ ላይ ዓይኑን በፓውዛ ያጨለሙበት ሰው እግሩን ወዴት ያሳርፍ? የማብሪያው ኃይል ከረጅሙ መብራት ቢወሰድ፥ ነጂው መብራቱን ዝቅ ሲያደርግ ፓውዛው አብሮ ይጠፋል። በአንዳንድ ላንድ ክሩዘር የፊት መብራቱ የሚታዘዘው በነጌቲቩ በኩል ስለ ሆነ፥ መካኒኩ አስቀድሞ በመለኪያ ይመርምር። በክረምት ጉም ውስጥ ግን ከጣራ ላይ የሚበራ ፓውዛ ብርሃኑን መልሶ በነጂው ዓይን ላይ ይረጫልና ባይበራ ይሻላል።

መኪና የሚያዝዙ ሹማምንት የመብራቱን ዋጋ ሲፈቅዱ የፊውዙንና የሪሌውን ዋጋ አብረው ይፍቀዱ፤ መኪናውንም ከጋራዥ ሲረከቡ ኮፈኑን አስከፍተው ይዩ። ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ የሲጋራ ብር ወረቀት ወይም ቁራጭ ሽቦ ተክቶ መጓዝ በየመንገዱ የተለመደ ሆኗል፤ ይህን የሚያደርግ ነጂ እንዳይኖር በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ትክክለኛ መጠን ያላቸው ሦስት አራት ትርፍ ፊውዞች ሁልጊዜ ይቀመጡ።