የሚሊ ሰከንድ ነጋዴዎች

ርካሽ ማግኔቲክ ኪቦርድ ለጌም ተጫዋች የሚሸጠው በአንድ ቃል ነው፤ ፍጥነት። ከአብነት እስከ ልደታ ኮንዶሚኒየም በኮምፒውተር የሚጫወት ወጣት ቁጥሮቹን በቃሉ ይዟቸዋል፦ 8,000 ኸርዝ፣ 0.01 ሚሊ ሜትር። ቁጥሮቹ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ነውሩ ያለው ልደታ ላይ ምን እንደሚፈይዱ ለገዢው ባለመነገሩ ነው።

ዕቃው ራሱ መጥፎ አይደለም። በተለመደው ሜካኒካል ኪቦርድ ቁልፍ ሲጫን ሁለት ብረቶች ይነካካሉ፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ያውቃል። በማግኔቲኩ ግን የሚነካካ ብረት የለም። በቁልፉ ውስጥ ትንሽ ማግኔት አለች፤ ከሥር ያለው ሴንሰር ምን ያህል እንደቀረበች ይለካል። አሜሪካዊው ፊዚሲስት ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ግኝት ነው። በዚህ ምክንያት ቁልፉ ምን ያህል ሲወርድ እንደሚሠራ ተጫዋቹ ራሱ ይወስናል፤ ጣቱን ማንሳት ሲጀምርም ቁልፉ ወዲያው ይለቃል። ይህን ለተጫዋቾች ያስተዋወቀው ዉቲንግ የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ነው፤ ዋጋውን የሰበሩት ደግሞ የቻይና አምራቾች ናቸው።

አሁን ሒሳቡ ይሠራ። 1,000 ኸርዝ ማለት ኪቦርዱ በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ለኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል ማለት ነው። 8,000 ኸርዝ ደግሞ በየ0.125 ሚሊ ሰከንዱ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ተጨማሪ ብር የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ታላላቆቹ የተኩስ ጌሞች ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ሰርቨር የላቸውም። ተጫዋቹ የሚገናኘው አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ካለ ሰርቨር ጋር ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ደርሶ መልሱ፣ ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ፣ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች አይወርድም። ገመዱ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። ባሕር በር የሌላት አገር መጀመሪያ ጎረቤት አገር ተሻግራ ነው ባሕር ውስጥ ካለው ኬብል የምትደርሰው። በየመንገዱ ያለው መጨናነቅ ሲጨመርበት ፒንጉ ከመቶ ቢያልፍ አይገርምም። መቶ ብር የጠፋበት ሰው ሳንቲም ሲለቅም ማለት ይኸው ነው።

«ጣት ቶሎ መልቀቁ ግን ይጠቅማል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ሮጦ ቆሞ ለመተኮስ ይረዳል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ በላን ለሚጋጠሙ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል። ኪቦርዱ በጣት ፈንታ ማሰብ ሲጀምርም ነገሩ ለከት አጥቶ፣ ቫልቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በካውንተር ስትራይክ 2 ላይ ከለከለው፤ ግራና ቀኝ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ኪቦርዱ ራሱ አንዱን የሚመርጥበትን አሠራር ማለት ነው። ጥቅም የሌለው ነገር አይከለከልም። ጥያቄው ጥቅም አለው ወይ አይደለም፤ በስንት ብር ነው?

«ርካሽ» የሚለው ቃልም ከውጭ የተቀዳ ነው። ብሩ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 30 ዶላር የሚያወጣ ኪቦርድ 1,710 ብር ነው። በ150 ብር ሲሰላ 4,500 ይሆናል፤ ያውም የጉምሩኩ፣ የሻንጣ ነጋዴውና የቸርቻሪው ሳይጨመር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። የአንዱ ቤት የወር አስቤዛ ለሌላው ቤት ልጅ «በጀት ኪቦርድ» ተብሎ ቀረበ!

የሚያሳዝነው ደግሞ የዕቃው እውነተኛ ጥቅም አለመነገሩ ነው። የሚነካካ ብረት ስለሌለው የሚበላ፣ የሚዝግ መነካኪያ የለውም። ስፕሪንጉ ያረጃል እንጂ አንዴ ሲጫን ሁለቴ የመጻፍ በሽታ አይይዘውም። ይህ ከማንም በላይ የሚጠቅመው ደግሞ በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ክስና አቤቱታ ሲተይብ ለሚውለው ጸሐፊ ነው። አማርኛ በተለመደው አተያየብ ከሳድሱ በቀር አብዛኛው ፊደል ቢያንስ ሁለት ምት ይፈልጋል፤ አንዱ ለድምፁ፣ አንዱ ለአናባቢው። ስለዚህ የአናባቢዎቹ ቁልፎች እንደ ተጫዋቹ የመሮጫ ቁልፎች ቀድመው ይሞታሉ። ለዚህ ሰው ግን ማንም አያስተዋውቅለትም፤ ጥንካሬ እንደ ፍጥነት አያጓጓማ! እሱም ቢገዛው ቁልፉን በ0.1 ሚሊ ሜትር እንዲሠራ አድርጎ አይተይብ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆንበታል።

ሻጮች ሦስት ነገር ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛ፣ ስዊቹን ነቅለው ከሥሩ ያሳዩ፤ ሁለት የብረት እግር ካለው ማግኔቲክ አይደለም። ሁለተኛ፣ የቁልፉን ጥልቀት የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር ከፍተው ያሳዩ። ሦስተኛ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚቀይር በደረሰኝ ላይ ይጻፉ።

የቴሌኮም ድርጅቶችም ከዚህ አያመልጡም። በማስታወቂያቸው ሜጋቢት ይቆጥራሉ። ሜጋቢት የቧንቧው ስፋት ነው፤ ፒንግ ግን ውኃው እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ስፋቱን እየሸጡ ስለ ጥበቃው ዝም ማለት ከኪቦርድ ነጋዴው በምን ይለያል? የጌም ኩባንያዎችን ሰርቨር ወደ አዲስ አበባ ማምጣት የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ ያ ሲሆን የሚተርፈውን ሚሊ ሰከንድ የትኛውም ኪቦርድ አይሰጥም።

እስከዚያው ወጣቱ ገንዘቡን ይያዝ። ፍጥነት እሸጣለሁ የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ልደታ ላይ ተቀምጦ ፒንጉን ያሳይ።