ስም ያልወጣለት ልጅ

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይላሉ አበው። ከቤቱ ስም ያልወጣለትን ልጅ ታዲያ ጎረቤት ማን ብሎ ይጠራዋል?

«ፍራንከንስታይን» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፊልም ያየነው፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካበት አስፈሪ ፍጡር ነው። በመጽሐፉ ግን ፍራንከንስታይን የሠሪው ስም ነው። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ይባላል፤ የጄኔቫ ልጅ፣ በጀርመን አገር ኢንጎልስታድት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት። ከሙታን አካል ለቃቅሞ፣ ሁለት ዓመት ያህል ለፍቶ ሕይወት ዘራበት። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ግን በመልኩ ደንግጦ ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። ሌሊት ወደ አልጋው መጥቶ እጁን ሲዘረጋለትም ዳግመኛ ሸሸው። ስም እንኳ አላወጣለትም።

ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ታሪኩን በ1816 (እ.ኤ.አ.) ስትጀምር የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። እናቷ እሷን በወለዱ በ11ኛው ቀን ሞተዋል። የራሷ የመጀመሪያ ልጅም ያለጊዜዋ ተወልዳ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አርፋለች። ወላጅ ማጣትንም፣ ልጅ ማጣትንም ታውቀዋለች።

የተጣለው ፍጡር ከአንድ ድሃ ቤተሰብ ጎጆ ጥግ ተሸሸገ። በቀዳዳ እያጮለቀ ቋንቋ ተማረ፤ ማታ ማታ ሳያዩት እንጨት ይለቅምላቸው ነበር። አንድ ቀን ደፍሮ ገባ። ዓይነ ስውሩ አባት በደግነት አነጋገሩት። ልጃቸው ፊሊክስ ሲመጣ ግን መልኩን አይቶ በዱላ ደበደበው። ያን ጊዜ ልቡ ጠቆረ።

ከዚያ በኋላ የሠራው ግን ይቅር የሚባል አይደለም። የቪክቶርን ታናሽ ወንድም ሕፃኑን ዊልያምን ገደለ፤ ምንም የማታውቀው የቤታቸው አገልጋይ ጀስቲን በዚሁ ተወንጅላ ተሰቀለች። የቪክቶር ጓደኛ ሄንሪ፣ በሠርጓ ሌሊት ደግሞ ሙሽራዋ ኤልሳቤጥ ተከተሉ። መበደል በደል ለመሥራት ፈቃድ አይሆንም፤ ፍጡሩ ራሱ በመጨረሻ በሥራው ተጸጽቷል።

ብዙዎች መጽሐፉን «ሳይንስ ሲያብድ» ብለው ያነቡታል። እኔ ግን የቪክቶር ትልቁ ጥፋት መፍጠሩ አይመስለኝም፤ የፈጠረውን ትቶ መሄዱ ነው። የሚገርመው እሱ ራሱ በፍቅር ያደገ ልጅ ነበር። አባትና እናቱ የሰጡትን ሳይሰስቱ ሰጥተውታል፤ እሱ ግን ለሌላ ማስተላለፍ አልቻለም።

በቤታችን ያለው ጥያቄም ይኸው ነው። ልጁ እንዳሰብነው ሳይሆን ሲቀር፣ መልኩ ወይም ጠባዩ ሲያስደነግጠን፣ ትምህርቱ ሲከብደው ምን እናደርጋለን? ከቤት ሳንወጣ፣ ዓይናችንን በማዞር ብቻ ልንሸሸው እንችላለን።

የታሪኩ መጨረሻ በሰሜን ዋልታ በረዶ መካከል፣ በአንዲት መርከብ ላይ ነው። ቪክቶር ሞቷል። አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያለቅሰው ያ ስም ያልወጣለት ፍጡር ነው። የጣለውን አባት እስከ መጨረሻው ይፈልገው ነበር።